አንድ ጣት የሚያስገባ

ከጦሳ ላይ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣
እበሩ ላይ ቆሜ በግራዬ ስጽፍ፣
የእንግዳ ስም በካርድ፣ በደረት እሚለጠፍ፤
ከአዲስ አበባ፣ ከመቀሌ፣ ከጎንደር፣
ስለ አጥንት ስብራት ሁለት ቀን ሊመከር፣
መጡ ፕሮፌሰሮች፣ ላፕቶፕ የታቀፉ፣
የቧንቧ ውሃን ጭቃ በደፍ ያራገፉ።

ከሁሉም ኋላ ግን አንድ ሰው ቀረበ፣
ሸንበቆ በሻሽ ጠቅልሎ በትከሻው ያነገበ።
«ስም?» አልሁት፣ ቀና ሳልል። «ሙህዬ አራጋው፤
ከኩታበር ማዶ ነኝ፣ ወጌሻው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።
«ሙ» ብዬ ጀምሬ «ህ» ላይ ቀለሙ ደከመ።

ይህን ስም አውቃለሁ፤
ፊደል ሳልቆጥር ይህን ስም ቆጥሬዋለሁ።
እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት ስትራገመው፣
ደግሞም መልሳ «አፉ በለኝ ጌታዬ፣ ምን ላርገው፣
ሊያድን እንጂ ሊገድል አልጠመጠመው።»

ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሾላ ዛፍ ወደቅሁ፣
ክንዴ እንደ ጭራሮ ቀጭ ሲል አዳመጥሁ።
ሙህዬ መጣና በቅቤ አሽቶ አሽቶ፣
ሸንበቆ ደርድሮ፣ የበሬ ጠፍር አምጥቶ፣
«የጠበቀ ይድናል» አለ፤ አጠበቀ።
ማታ ጣቴ አበጠ፣ ሌሊት ጠቆረ፣ ሲነጋ እጄ ከእኔ ራቀ።
በአራተኛው ቀን ቦሩ ሜዳ ሲያደርሱኝ፣
ከክርኔ በታች ቆርጠው መለሱኝ።
የቀኝ እጅጌዬን በመርፌ ቁልፍ አጥፌ፣
ኖርሁ። ተማርሁ፣ በግራዬ ጽፌ።

ሙህዬ አላወቀኝም።
ካርዱን ተቀበለ፤ እጅጌዬን አላየም፤
ወይም አይቶ ዝም።

ዶክተር ሰዓዳ እንድሪስ መብራት አስጠፍታ፣
በነጩ ግድግዳ የራጅ ጨለማ ዘርግታ፣
«አጥንት ሲሰበር» አለች፣ «መጀመሪያ ደም ያረጋል፤
በልም አጥንት ልል ድልድይ ያበጃል፤
ቆይቶ ያጠነክራል፣ የተረፈውን ይቀርፋል።
ቆዳ ሲድን ጠባሳ ያኖራል፤
አጥንት ግን አጥንቱን መልሶ ይወልዳል።
አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ደም።
ደም ካልደረሰው ቢታሰርም አይቆም።»
ያኔ ሌላ ምስል መጣ፤ ስም የሌለው፣
የሕፃን ክንድ፣ ጥቁር፣ ሸንበቆ የከበበው።
አንዱ ሳሉን አፈነ። አንዱ ወንበር ለወጠ።
የሌለው መዳፌ እንደገና አበጠ።

ሙህዬ ተነሣ፤ ማይክ ቢሰጡት ገፋ።
ጥቂት ቆመና ቃሉን ከጉሮሮው ተፋ፦
«ልጄ፣ ሰማሁ። አባቴ ሥራውን ሲያሳየኝ፣
“ስታስር አጥብቅ” ነው፤ ሌላም አልነገረኝ።
ብዙ ሰው ተራምዷል በዚህ በኔ ጣት፤
ያልተራመዱትን እቆጥራለሁ ሌሊት።
እንግዲህ አንቺ ደብተር አለሽ፣ ራጅ አለሽ፤
ልኩ ስንት ነው? ንገሪኝ እባክሽ።»

«አንድ ጣት» አለችው፣ «ከማሰሪያው በታች፤
ያቺ ክፍተት ለደም መንገድ ትሆናለች።»

ከሰዓት ልምምድ ነበር፤ ክንድ ተፈለገ።
ሁሉም ወደ ስልኩ፣ ወደ ሻዩ አፈገፈገ።
ሄድሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤
ለይቅርታ አይደለም፣ ለክስም አይደለም።
ክንዴን ዘረጋሁ፣ የቀረችኝን፣
ጠረጴዛው ላይ፣ እፊቱ፣ ብቻዋን።
እጁ ተንቀጠቀጠ። ሸንበቆ ደረደረ።
ጨርቁን አንዴ አዞረ፣ ሁለቴ፤ ሦስተኛው ላይ ቀረ።
ያችን ወፍራም ጣቱን፣ ቅቤ የጠገበች ጣት፣
ወደ ማሰሪያው ሥር ሰደዳት።
አልገባችም። ፈታ።
እንደገና አሰረ። አልገባችም። ፈታ።
ሻይ የሄደው ሰው ተመለሰ፤ እኛ ግን እዚያው ቦታ።

በአራተኛው ገባች።
«አመመሽ?» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ክር ቀጥናለች።
«አላመመኝም» አልሁት።
«የማን ልጅ ነሽ?» አለ፣ ዓይኑ እጅጌዬ ላይ ቀርቶ፤
የእናቴን ስም ጠራሁለት።
መልስ አልሰጠም። ጣቱን ከጨርቁ ሥር ትቶ፣
ትር ትር የሚል ደሜን ቆጠረው፣ አንገቱን ደፍቶ።